ማንን ልጠይቅ? በሥነ ልቦና ጥናት ስለ ተሳታፊዎች አመራረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች የጥናቱ ዘዴ የሚጻፍበት ምዕራፍ ሦስት ላይ ሲደርሱ ግራ ይገባቸዋል። ርዕሱ ጸድቋል፤ መጠይቁም ተዘጋጅቷል። ተሳታፊዎቹ እንዴት እንደሚመረጡ ሲነሳ ግን የብዙዎቹ ጥያቄ አንድ ነው፦ "ስንት ሰው ይበቃኛል?" ቁጥሩ ይቆየን። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ በያዛችሁት መንገድ ብትሄዱ ጥናቱ ውስጥ የመግባት ዕድል ጨርሶ የሌለው ማን እንደሆነ ነው። ከታች ያሉት መልሶችም ዞረው ዞረው እዚያው ይመጣሉ።

ናሙና ከመውሰዴ በፊት ምን መወሰን አለብኝ?

መጨረሻ ላይ ስለ ማን መናገር እንደምትፈልጉ ወስኑ። የጥናቱ ሕዝብ የሚባለው እሱ ነው። ቀጥሎ ያ ሕዝብ የተመዘገበበት ዝርዝር ያስፈልጋል፦ የሬጅስትራር የተማሪዎች ስም፣ የወረዳ መዝገብ፣ የክሊኒክ ካርድ ቁጥር። ዕጣ የምታወጡት ከዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሰው ጥናቱ ውስጥም የለም።

ለምሳሌ "በአዲስ አበባ የሚኖሩ ወጣቶች ጭንቀት" የሚል ርዕስ ያዛችሁ እንበል። ስም ዝርዝሩን ከሦስት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አመጣችሁ። ትምህርት ያቋረጠው ልጅ፣ ሊስትሮው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የግል ትምህርት ቤት ተማሪው ገና ከመነሻው ወጥተዋል። ጥናቱ መጥፎ ሆነ ማለት አይደለም። ርዕሱ ግን ዋሽቷል። "በሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ወጣቶች" ብትሉት ነገሩ ይስተካከላል።

መጠይቁ ራሱም ሰው ያስወጣል። "አንብባችሁ ሙሉ" ብላችሁ ወረቀት ካደላችሁ ማንበብ የማይችለው ቀረ። በአማርኛ ብቻ ካዘጋጃችሁ ደግሞ አማርኛ የማይናገረው ቀረ። ይህን ምዕራፍ ሦስት ላይ በግልጽ ጻፉት፤ ፈታኞች ከማንሳታቸው በፊት።

ዝርዝሩ ከተበላሸ ዕጣው አያድነውም። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ የተሰረዘው ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃው ውስጥ ገብተው በመገኘታቸው ነበር። የጥናት ዝርዝርም እንደዚያው ነው። የለቀቁ ተማሪዎች፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ስሞች፣ ገና ያልገቡ አዲሶች ይኖሩበታል። መጀመሪያ አጽዱት።

መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳልመርጥ ብጠይቅ "ራንደም" አይባልም?

አይባልም። ሜክሲኮ አደባባይ ቆማችሁ ሰው ስታስቆሙ ሳታውቁት ትመርጣላችሁ። ፊቱ የከበደውን ታሳልፋላችሁ። የሚሮጠውን አታስቆሙም። በዕድሜ የሚመስላችሁ ሰው ይቀላችኋል። እናንተ ባትመርጡ እንኳ ቦታውና ሰዓቱ ይመርጡላችኋል፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቢሮ ያለ ሠራተኛ እዚያ የለም።

በዕጣ ተመረጠ የሚባለው እያንዳንዱ ሰው የመግባት ዕድሉ አስቀድሞ ሲታወቅና ዕድሉ ዜሮ ሳይሆን ሲቀር ነው። ወረቀት ቆርጦ ማውጣትም ሆነ በኤክሴል የዕድል ቁጥር ማመንጨት ያው ነው። ዋናው ነገር የእናንተ እጅና ዓይን ከምርጫው መውጣቱ ነው።

ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ ዘሎ መቁጠር ይቀላል። 1,200 ተማሪዎች ካሉና 300 ከፈለጋችሁ በየአራቱ አንድ ትወስዳላችሁ። የመጀመሪያውን ሰው ከ1 እስከ 4 ካሉት በዕጣ ለዩ፤ ከዚያ አራት አራት እየጨመራችሁ ሂዱ። ዝርዝሩ በምን እንደተደረደረ ግን እዩ። ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ፣ ሴት እየተባለ የተጻፈ ከሆነ በየአራቱ ስትዘሉ ከአንዱ ጾታ ብቻ ልትሰበስቡ ትችላላችሁ።

ሌላው መንገድ ሕዝቡን አስቀድሞ በክፍል ከፍሎ ከየክፍሉ ዕጣ ማውጣት ነው፤ ተማሪዎች "ስትራቲፋይድ" የሚሉት። ከ1,200ዎቹ 900 ወንድ፣ 300 ሴት ቢሆኑና በድርሻቸው ብትወስዱ 225 ወንድና 75 ሴት ይደርሳችኋል። አጠቃላዩን ለመግለጽ ጥሩ ነው። ዓላማችሁ ወንዶችንና ሴቶችን ማወዳደር ከሆነ ግን 75 ሴት ሊያንስባችሁ ይችላል። ያኔ 150 በ150 ውሰዱ፤ የአጠቃላዩን አማካይ ስታሰሉ ደግሞ ለየቡድኑ በሕዝቡ ውስጥ ያለውን ትክክለኛ ክብደቱን (ለወንዶቹ 75፣ ለሴቶቹ 25 በመቶ) መልሱለት። ይህን የመጨረሻውን እርምጃ የሚረሳው ሰው ብዛቱ ይገርማል።

ስም ዝርዝር የሌለው ሕዝብስ? የገጠር ነዋሪ ሁሉ ስሙ የት ተጽፎ ይገኛል?

የትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ ይመረጣል፤ ከዚያ በቦታው ያሉ ቤቶች ይቆጠራሉ፤ ከዚያ ከቤቶቹ ዕጣ ይወጣል። ክላስተር የሚባለው ይህ ነው። አንድ አገር ሙሉ ስም ከመጻፍ ጥቂት መንደሮችን ቤት ለቤት መመዝገብ ይቀላል።

በአገራችን ለዚህ ጥሩ ማሳያ የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ነው። መነሻው የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነበር። ቆጠራው አገሪቱን በትንንሽ የቆጠራ ቦታዎች ከፋፍሏት ስለነበር ከእነሱ 645 ተመረጡ፤ 202ቱ ከከተማ፣ 443ቱ ከገጠር። በእያንዳንዱ ቦታ ቤቶቹ እንደ አዲስ ተመዝግበው ከየቦታው 28 ቤተሰብ በዕጣ ተወሰደ። ቤቶቹ እንደገና የተመዘገቡት ቆጠራው ባረጀ መጠን እውነቱ ስለሚቀየር ነው። ከዚያ ቆጠራ ወዲህ ሌላ አገር አቀፍ ቆጠራ ሳይካሄድ ዓመታት መቆጠራቸው ለተመራማሪ ሁሉ ራስ ምታት ነው።

ክላስተር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጎረቤታሞች ይመሳሰላሉ። አንድ ውኃ ይጠጣሉ፣ አንድ ገበያ ይወጣሉ፣ አንድ ድርቅ ይመታቸዋል። ስለዚህ ከአንድ መንደር የተጠየቁ 28 ሰዎች ከ28 መንደር የመጡትን ያህል አዲስ ነገር አይነግሯችሁም። ማካካሻው ናሙናውን ማሳደግ ነው። በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች "በ2 አባዛን" ተብሎ ይታለፋል። ለምን 2 እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ የለም። ስሌቱ አለ፦ ከየቦታው ከምትወስዱት ሰው ብዛት ላይ 1 ቀንሱ፤ በመመሳሰላቸው መጠን (ከ0 እስከ 1 ባለ ልኬት) አባዙት፤ 1 ደምሩ። የመመሳሰል መጠኑ 0.02 ከሆነና ከየቦታው 28 ሰው ከወሰዳችሁ ማባዣው 1.54 ነው። መጠኑ 0.1 ከሆነ 3.7 ይሆናል። ልዩነቱን እዩት። ይህን የሚያዩ ተመራማሪዎች ከጥቂት ቦታ ብዙ ሰው ከመውሰድ ከብዙ ቦታ ጥቂት ሰው መውሰድን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ቤቱ ተመርጧል። ከገባሁ በኋላስ ማንን ልጠይቅ? ቤቱ ዝግ ቢሆንስ?

በሩን የከፈተውን ከጠየቃችሁ ቀን ቀን ቤት የሚውለውን ብቻ አገኛችሁ። "የቤቱን ባለቤት ጥሩልኝ" ካላችሁም አባወራውን ብቻ አገኛችሁ። ሌስሊ ኪሽ የተባለ ስታቲስቲሺያን እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ዘዴ እስካሁን ይሠራበታል። በቤቱ ያሉ አዋቂዎች በጾታና በዕድሜ ቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ ከዚያ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ የሚጠየቀውን ሰው ይነግራችኋል። "የልደት ቀኑ ቅርብ የነበረውን" የሚል ቀለል ያለ ዘዴም አለ፤ ግን የተወለደበትን ቀን በትክክል የማያውቅ ሰው በሚበዛበት አካባቢ አልመክረውም። ስም ስትጽፉ የቤት ሠራተኛዋን አትርሱ። ቤተሰቡ ራሱ አይቆጥራትም።

ቤቱ ዝግ ከሆነ ተመለሱ። ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰዓት ሞክሩ። ጎረቤት መተካት ቀላል ይመስላል፤ የሚሆነው ግን ከቤት የማይጠፉ ሰዎች ናሙናውን መውረስ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ዳሰሳ ለተመረጠ ቤት ምትክ ማስገባትን ጨርሶ ከልክሎ ነበር።

አማካሪዬ 423 ሰው ያስፈልጋል አሉኝ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

ከቀመር ነው። የአገራችንን የጤናና የሥነ ልቦና ጽሑፎች ብትገልጡ ይህን ቁጥር ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። ችግሩ በሕዝቡ ውስጥ ያለው ድርሻ ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይያዛል፤ ትልቁን ናሙና የሚጠይቀው እሱ ስለሆነ። ለ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ 1.96 ይገባል፤ የሚፈቀደው የስሕተት ልክ 5 በመቶ ይሆናል። 1.96ን በራሱ አባዙ፤ በ0.5 አባዙ፤ እንደገና በ0.5 አባዙ፤ 0.05 በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር አካፍሉ። 384 ይወጣል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 423 ሆነ።

የሕዝቡ ብዛት ከታወቀ ደግሞ ብዙ ሰው ወደ ያማኔ ቀመር ይሄዳል። ለ1,200 ሰው 300 የሚሰጠው እሱ ነው።

በቀመሮቹ ላይ ችግር የለብኝም። አጠቃቀማቸው ላይ ግን አለብኝ። 423 የሚመልሰው "ከመቶው ስንቱ?" የሚለውን ብቻ ነው። ሥነ ልቦና ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ጥያቄ ማወዳደር ነው፤ ይህ ሥልጠና ጭንቀት ቀነሰ ወይ? እነዚህ ከእነዚያ ይለያሉ ወይ? ለዚያ የሚያስፈልገው የምትጠብቁት ልዩነት መጠን ነው። ሁለት ቡድኖች በመካከለኛ መጠን ይለያያሉ ብላችሁ ከጠበቃችሁና ልዩነቱን 80 በመቶ የማግኘት ዕድል ከፈለጋችሁ ከየቡድኑ 64 ሰው ይበቃል። ልዩነቱ ትንሽ ነው ካላችሁ ግን ከየቡድኑ 394 ያስፈልጋል፤ በድምሩ 788። 423 ለመጀመሪያው ይተርፋል፤ ለሁለተኛው አይደርስም። ጂፓወር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን በደቂቃ ያሰላላችኋል።

ሌላም አለ። ቀመሩ ሰዎቹ በዕጣ እንደተመረጡ አድርጎ ያስባል። በቴሌግራም ሊንክ በትኖ 423 ሲሞላ መዝጋትና "በቀመሩ መሠረት" ብሎ መጻፍ አይገናኝም።

ናሙናው በጣም ትልቅ ከሆነ ግን ችግሩ ይጠፋል አይደል?

እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለፕሬዚዳንታዊው ምርጫ 10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ዘንድ ፖስታ ላከ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። ያሸንፋል ያለው አልፍሬድ ላንደንን ነበር። ያሸነፈው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው፤ ያውም ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወስዶ። በጣም ያነሰ ናሙና የያዘው ጆርጅ ጋለፕ በበኩሉ አሸናፊውን በትክክል ተናግሮ ነበር።

መጽሔቱ አድራሻ ያሰባሰበው በዋናነት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደነበር መገመት አያቅትም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ግን ሌላ ግማሽ አለው። ፖስታው ከደረሳቸው ከአራቱ ሦስቱ አልመለሱም። የመለሱት ደግሞ በሩዝቬልት ላይ ቅሬታ የበዛባቸው ነበሩ። ስለዚህ ጥፋቱ ሁለት ነው፤ ዝርዝሩም የተዛባ ነበር፣ መልስ የሰጠውም ከዝምተኛው ይለይ ነበር። ሁለቱንም ቢሆን የናሙናው ብዛት አያክማቸውም። የተዛባ ናሙና ሲተልቅ የሚጨምረው የተመራማሪው ድፍረት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ብቻ ብጠይቅስ? ፈረንጆቹም እንደዚያ ያደርጋሉ ይባላል።

ያደርጋሉ፤ ራሳቸውም ተችተውታል። ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጽሑፍ በታዋቂ የአሜሪካ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ላይ ከታዩት ናሙናዎች 96 በመቶው በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ ምዕራባውያን አገሮች የመጡ እንደሆኑ አሳየ። እነዚያ አገሮች የያዙት የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ነገር ሰፋ አድርገው ጻፉ። "የሰው ልጅ እንዲህ ነው" የሚለው ብዙ ድምዳሜ በእርግጥ "የአሜሪካ ተማሪ እንዲህ ነው" ማለት ሊሆን ይችላል አሉ።

ዓይን እንኳ ይለያያል። ሁለት እኩል መስመሮች አሉ፤ የአንዱ ጫፎች ወደ ውስጥ፣ የሌላው ወደ ውጭ የታጠፈ ቀስት አላቸው። አንዱ ረዝሞ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ ጥናት ይህን በተለያዩ አህጉራት ሞክሮት ነበር። አሜሪካኖቹ በጣም ተታለሉ። የካላሃሪ በረሃ የሳን ሕዝብ ምንም ያህል አልተታለለም።

የማርሽሜሎውን ሙከራም አስታውሱ። አሁን አንድ ከረሜላ ትበላለህ ወይስ ታግሠህ ሁለት ትወስዳለህ የሚለውን። ዋልተር ሚሼል የሠራው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለ መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ልጆቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ። የታገሡት ካደጉ በኋላ በትምህርት በለጡ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ ከ900 በላይ በሆኑ፣ ከተለያየ የኑሮ ደረጃ በመጡ ልጆች ሲያዩት ግንኙነቱ በግማሽ ወረደ። የቤተሰብ ሁኔታ ሲታሰብበት ደግሞ ከዚያ ሁለት ሦስተኛው ጠፋ። ነገ ሁለተኛዋ ከረሜላ እንደምትመጣ ማመንም ከቤት የሚመጣ ነገር ነው።

የእኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪስ? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በማካካሻ ትምህርት የገቡት ቢጨመሩ እንኳ ግቢ ያለው ወጣት የአገሩን ወጣት አይወክልም። ስለ ተማሪዎች ለማጥናት ተማሪ ውሰዱ። አዲስ መጠይቅ ለመሞከርም ይሆናሉ። "በኢትዮጵያ ወጣቶች ዘንድ የድብርት መጠን" ለማለት ግን አይሆኑም።

ማስታወቂያ ለጥፌ ፈቃደኞችን ብሰበስብ ምን ችግር አለው?

ፈቃደኛ ሰው ከሌላው ይለያል። ባጠቃላይ የተሻለ የተማረና ከሰው ጋር መግባባት የሚወድ ይሆናል። የማስታወቂያው ቃል ደግሞ ራሱ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ1971 ፊሊፕ ዚምባርዶ ተማሪዎች ጠባቂና እስረኛ ሆነው ለተጫወቱበትና ጠባቂዎቹ ለጨከኑበት ዝነኛው የእስር ቤት ሙከራው በጋዜጣ ያወጣው ማስታወቂያ ወንድ የኮሌጅ ተማሪዎች "ስለ እስር ቤት ሕይወት" ለሚደረግ ጥናት እንደሚፈለጉ ይናገር ነበር፤ ክፍያው በቀን 15 ዶላር። ካመለከቱት 24 ተመረጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 ካርናሃንና ማክፋርላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ማስታወቂያ አወጡ። አንዱ "የእስር ቤት ሕይወት" ይላል፤ ሌላው ያንን ሐረግ አውጥቶ ሌላው ሁሉ ያው ነው። እስር ቤት የሚለውን አይተው የመጡት በጠበኝነትና የበላይነትን በመውደድ ከፍ ያሉ፣ በርኅራኄ ዝቅ ያሉ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ያ እስር ቤት ሰዎቹን አከፋቸው ወይስ ለነገሩ የሚቀርቡት መጡ? ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተከፈተ።

ስታንሊ ሚልግራም ከዚምባርዶ በፊት ትንሽ ብልጥ ነበር። ሰዎች ታዘው ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ ይቀጡ እንደሆነ ለማየት ስለ ታዛዥነት ላደረገው ሙከራ በአሜሪካዋ ኒው ሄቨን ከተማ ጋዜጣ ሲያስተዋውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ነጋዴ፣ ጸሐፊ ይምጣ አለ። ዕድሜ ከ20 እስከ 50፤ ተማሪዎች አይገቡም ብሎም ጻፈ። ጥናቱ የሚለው ስለ ማስታወስ ችሎታ ስለነበር ርዕሱ ጨካኝ አይጠራም። እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ሙከራ ከ40ዎቹ 26ቱ እስከ መጨረሻው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ሄዱ። እሱም ቢሆን የሰበሰባቸው ፈቃደኞች ናቸው፤ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም የአንድ አካባቢ ሰዎች።

እናንተ ስትለጥፉ ርዕሱን ለስለስ አድርጉት። "በትዳር ውስጥ ጥቃት የደረሰባችሁ ኑ" ከማለት "ስለ ትዳር ሕይወት ጥናት" ይሻላል። ዝርዝሩን ተሳታፊው ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት በሚያነበው ቅጽ ላይ አስረዱ።

ቡድን በዕጣ ከመደብኩ በዕጣ መረጥኩ ማለት ነው?

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት በምታቀርቡበት በዲፌንስ ላይ በጣም የሚያደናግረውም ይሄ ነው። በዕጣ መምረጥ ሰዎቹ ከሕዝቡ እንዴት እንደወጡ ነው። በዕጣ መመደብ ከመጡ በኋላ ማን ሥልጠናውን ያገኛል፣ ማን አያገኝም የሚለው ነው። ዚምባርዶ ጠባቂና እስረኛ የለየው ሳንቲም በመወርወር ነበር፤ ሰዎቹ ግን በማስታወቂያ የመጡ ናቸው። መመደቡ በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንዳመጣው ለመናገር ይረዳል። መምረጡ ደግሞ ውጤቱ ለነማን እንደሚሠራ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ጉግል ፎርም ሠርቼ በቴሌግራም ብበትንስ?

ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው። የሊተራሪ ዳይጀስት ስልክ ማውጫ በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጥቷል ብላችሁ አስቡት። ስማርት ስልክ፣ ዳታ፣ ግሩፑ ውስጥ መኖርና ሊንኩን የመክፈት ፍላጎት፤ መላሹ አራት በር ማለፍ አለበት። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊሞላም ይችላል። ለስንት ሰው እንደደረሰ ስለማታውቁ የመላሾችን መጠን ማስላት አትችሉም። ለመነሻ ዳሰሳ ተጠቀሙበት፤ መቶኛውን ግን ለአገር አታድርጉት።

በስም ዝርዝር የማይገኙ፣ የሚደበቁ ሰዎችን እንዴት ላግኝ?

ከዓረብ አገር ተመልሰው የመጡ የቤት ሠራተኞችን ሥነ ልቦናዊ ጉዳት ማጥናት ፈለጋችሁ እንበል። አንዷ ሌላዋን ትጠቁማለች፤ ያቺ ሌላዋን። ስኖውቦል የሚባለው ነው። ጥሩነቱ መተማመን ይዞ መምጣቱ ነው። ችግሩ ሁሉም የአንድ ሰው ወዳጆች መሆናቸው ነው። ብቸኛዋ፣ ከሰው የራቀችው፣ ምናልባትም በጣም የተጎዳችው አትጠቆምም። ገና እዚያው ባሕረ ሰላጤ ያሉትን በፌስቡክ ካፈላለጋችሁ ደግሞ ስልኳን የተቀማችውና ከቤት እንዳትወጣ የተከለከለችው አትገኝም። ጥናታችሁ በጣም የሚፈልጋት ግን እሷን ነው።

ዳግላስ ሄካቶርን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ለማሻሻል ሞክሯል። እያንዳንዱ ተሳታፊ የተወሰነ ኩፖን፣ ብዙ ጊዜ ሦስት፣ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በላይ መጋበዝ አይችልም። ስለዚህ ሰንሰለቱ በአንድ ሰው ወዳጆች ላይ አይከማችም፤ ይረዝማል። "እንደ አንተ ያሉ ስንት ሰዎች ታውቃለህ?" ተብሎም ይጠየቃል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጠቆም ዕድሉ ስለሚበዛ በስሌቱ ክብደቱ ይቀነሳል። ሥራው ከተራ ስኖውቦል ይከብዳል። አቅም ከሌላችሁ መነሻችሁን ቢያንስ ከተለያየ ቦታ አድርጉት፤ አንዷ ከቤተ ክርስቲያን፣ አንዷ ከመስጊድ፣ አንዷ ከሥራ ፈላጊ ማኅበር።

ከሆስፒታል ታካሚዎች ብመርጥ አይቀልም?

ይቀላል። ግን አማኑኤል ሆስፒታል የደረሰ ሰው ብዙ ነገር አልፎ ነው። ቤተሰቡ ሕክምና ያስፈልገዋል ብሏል፤ የትራንስፖርት ብር ተገኝቷል፤ ምናልባትም ፀበል ተሞክሯል። ስለ ታካሚዎች መጻፍ ትችላላችሁ። ስለ ሕመሙ በማኅበረሰቡ ውስጥ መጻፍ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ የቡታጅራ ጥናት ያስተምራል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመራማሪዎች በቡታጅራ አካባቢ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አጣርተዋል። ግን በቃለ መጠይቁ ብቻ አልተማመኑም። አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቁ፦ "እዚህ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው አለ?" መጠይቁ ያመለጠውን ሰው ጥቆማው አገኘው፤ በተለይ ስኪዞፍሬንያ የተባለውን ከባድ የአእምሮ ሕመም በተመለከተ። ለምን እንደሆነ ማሰብ ከባድ አይደለም። ታማሚው ስለ ራሱ ሲጠየቅ "ደህና ነኝ" ይላል፤ ቤተሰብም ገመናውን ለእንግዳ አያወጣም። መንደሩ ግን ያውቃል። ይህ ጥቆማ ለእኛ ማኅበረሰብ የሚስማማ ዘዴ ይመስለኛል፤ ከሚገባው በታች እንጠቀምበታለን።

ጥናቴ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ለምን እነዚህን እንደመረጥኩ ሲጠየቅ "ፐርፖዚቭ" ብል ይበቃል?

አይበቃም። በዓላማ መርጫለሁ ያለ ሰው ዓላማውን መናገር አለበት። ከሃዘን በኋላ ስለ መጽናናት ብታጠኑ፣ ልጅ የሞተባቸውን ነው ወይስ የትዳር አጋር? ካለፈ ስንት ጊዜ ሆነው? ዕድር ያላቸውን ብቻ ነው? መስፈርቱን ጻፉ። ከግምታችሁ ጋር የማይሄድ ሰውም ሆን ብላችሁ ፈልጉ።

ስለ ቁጥሩ፣ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ እስኪያቆም የሚለው መመሪያ ይሠራል። በምዕራብ አፍሪካ፣ በጋና እና በናይጄሪያ ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ከ60 ቃለ መጠይቆች ዋና ዋና ሐሳቦቹ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ እንደወጡ አሳይቷል። ሰዎቹ ተመሳሳይና ጥያቄው ጠባብ ስለነበር ነው። የእናንተ ተሳታፊዎች ከተለያዩ 12 አይበቃም።

ለተሳታፊ ብር መክፈል ይቻላል? ፈቃድስ?

የትራንስፖርትና የባከነ ጊዜ ማካካሻ ችግር የለውም። ክፍያው ሰው እምቢ ማለት እስኪያቅተው ከተለቀ ግን ፈቃዱ ፈቃድ አይደለም፤ ችግረኞችንም ለይቶ ይሰበስባል። መምህር የራሱን ተማሪ፣ አለቃ የራሱን ሠራተኛ ሲጠይቅም ያው ነው፤ "አልፈልግም" ማለት ያስፈራል። ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ የወላጅ ፈቃድና የልጁ የራሱ እሺታ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ይህ ሁሉ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት በተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይጸድቃል። ከሰበሰቡ በኋላ ማጽደቅ የሚባል ነገር የለም።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ምን ምን ልጻፍ?

የሆነውን። ዝርዝሩ ከየት እንደመጣና ምን ያህል እንደተጸዳ፣ ዕጣው በምን እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንደተጠየቀ፣ ስንት እምቢ እንዳለ፣ ስንት እንዳልተገኘ። እምቢ ያሉትን ጾታና የዕድሜ ክልል መመዝገብ ከቻላችሁ ከመለሱት ጋር አወዳድሩ። ያገኛችሁት የሚመቻችሁን ሰው ከሆነም "በቀላሉ የተገኙ ተሳታፊዎች" ብላችሁ ጻፉ፤ ብዙ የታተሙ ጥናቶች እንደዚያ ናቸው። የሚያስጥለው በቀላሉ የተገኙትን "በሲምፕል ራንደም የተመረጡ" ብሎ መጻፍ ነው። ፈታኙ "ዝርዝሩን አሳየኝ" ሲሉ የሚታይ ነገር አይኖርም።